የቅዳሜው ክፍል በሲያትል

በሲያትልና በአካባቢዋ በቅርቡ የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ልጆቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የሚቆጥሩበትንና ከእንጀራ ሊጥ ሳይንስ የሚማሩበትን ክፍል ድሮም የነበረ አድርገው ያዩታል፤ ቀድመዋቸው የመጡት ግን ምንም ያልነበረበትን ዘመን አይዘነጉትም። ባህል-ተኮር ማስተማር፣ ማለትም የልጁን የቤት ልምድ የትምህርቱ መነሻ የሚያደርገው ስልት፣ ግሎሪያ ላድሰን-ቢሊንግስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ኋላም የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ጄኔቫ ጌይ በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደታወቀ ይጻፋል። የሲያትል እናቶች ስሙን ሳይሰሙ ሥራውን ጀምረውት ነበር።

ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን፣ እንጀራ የሚጋገረው ሰልፍ ራይዚንግ ከሚባለው፣ ቤኪንግ ፓውደር አስቀድሞ ከተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት ነበርና እናቶቹ ይህንኑ እጦት ትምህርት አደረጉት። ልጆቹ በዚህ ዱቄት የተበጠበጠውን ሊጥ በእርሾ፣ ማለትም ከቀድሞው ቡኮ ላይ በተቀዳው፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን በሚኖሩበት ፈሳሽ ከተቦካው ጋር ያነጻጽራሉ፤ የመጀመሪያው ወዲያው አረፋ ሲያወጣ ሁለተኛው ቀናት እንደሚፈጅ፣ በሁለቱም ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ እንደሚፈጠርና በምጣዱ ላይ ሲወጣ የእንጀራውን ዓይን እንደሚከፍት ይረዳሉ። ግምታቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፣ ያዩትን ይሥላሉ፣ ከሥዕሉም ሥር «እርሾ»፣ «አብሲት»፣ «ምጣድ» ብለው ይጽፋሉ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከነሰባት ሰባት ቅርጻቸው፣ 231ዱ ሆሄያት ሳይሸመደዱ ቃል መጻፉ በየኔታ ሥርዓት ላደጉ አባቶች ድፍረት መስሎ ታይቷቸው ነበር፤ ልጆቹ ግን የሚነካና የሚሸት ነገር የያዘውን ቃል ፈጥነው ለመዱ።

የክፍሉ ጀማሪ ማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣ ይላሉ፤ የኮሙኒቲው መሪዎች አዳራሹን የተከራየነው እኛ ነን ይላሉ፤ ሁለቱም የየድርሻቸው እውነት አላቸው። ሆኖም ሊጡን ከፊደሉ ያገናኙት፣ ሌሊት ቢሮ ሲያጸዱ አድረው ቅዳሜ ጠዋት ቡኮ ተሸክመው የሚመጡት እናቶች ናቸው። ኋላ አንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ይህንኑ የትምህርት ዕቅድ ወስዶ የራሱ አዲስ ግኝት አድርጎ ሲያቀርበው፣ ከእነዚያ እናቶች የአንዷም ስም አልተነሣም። ዛሬ ለሕፃናት ዕቅድ የሚያወጡ መምህራን፣ በሕይወት ያሉትን እናቶች ፈልገው ስማቸውንና አሠራራቸውን ሳይውል ሳያድር መመዝገብ ይገባቸዋል።