ካረጡ በኋላ በማህፀን ውስጥ የሚታይ ፈሳሽ መቼ ያሳስባል?

በ60ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አንዲት እናት ኩላሊታቸውን አሟቸው አልትራሳውንድ ይነሳሉ። ውጤቱ ስለ ኩላሊታቸው ካለው ቀጥሎ “በማህፀን ውስጥ መጠነኛ ፈሳሽ ታይቷል” ይላል። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ከማብራራቱ በፊት በስልክ ይደርሳል። የምታነብላቸው ልጅም እርሳቸውም ይደነግጣሉ።

ፈሳሹ ራሱ ግን በሽታ አይደለም። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ሲቀር ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይከሰታል። ከዚያ በኋላ ኢስትሮጅን የተሰኘው ሆርሞን ስለሚቀንስ የማህፀን የውስጥ ሽፋን ይሳሳል፤ የማህፀን በርም ይጠባል፤ አንዳንዴ ጭራሹን ይደፈናል። ሽፋኑ የሚያመነጨው ጥቂት እርጥበት መውጫ ሲያጣ እዚያው ይጠራቀማል። ለማህፀን በር ካንሰር የጨረር ሕክምና የወሰዱ ሴቶችም በሩ በጠባሳ ሊዘጋባቸው ይችላል።

ስለዚህ ባለሙያው ከፈሳሹ ይልቅ የሚመለከተው በዙሪያው ያለውን ሽፋን ነው። የፊትና የኋላውን ሽፋን ለየብቻ ለክቶ ይደምራል። ፈሳሹ አብሮ ከተለካ ስሱ ሽፋን የወፈረ ይመስላል፤ ያለ ምክንያትም ያስደነግጣል። ሽፋኑ ስስና ለስላሳ ከሆነ፣ ሌላ ምልክትም ከሌለ፣ ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አያስፈልገውም። የተጠራቀመው ደም ወይም መግል ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ትኩሳት፣ የታችኛው ሆድ ሕመምና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ መግል ለመኖሩ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። መግሉ መውጣት አለበት፤ መንስኤው ካንሰር አለመሆኑም መረጋገጥ ይኖርበታል።

ከሁሉም በላይ ችላ ሊባል የማይገባው ደም ነው። አንዳንድ ሴቶች ካረጡ ከዓመታት በኋላ ደም ሲያዩ “የወር አበባዬ ተመለሰ” ብለው ያልፉታል። አይመለስም። ጠብታም ቢሆን፣ አንዴ ብቻም ቢታይ ምርመራ ይሻል። መንስኤው በአብዛኛው ቀላል ነው፤ ደም ከሚታይባቸው መካከል ካንሰር የሚገኝባቸው ከ10 አንድ ያህሉ ናቸው። በሌላ በኩል የማህፀን ሽፋን ካንሰር ካለባቸው ያረጡ ሴቶች 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ደም አይተዋል።

ደም ላየች ሴት ሽፋኑ 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የካንሰር ዕድሉ እጅግ አነስተኛ እንደሆነ ሲታመን ቆይቷል። ይሁንና በአሜሪካ ካንሰሩ ባለባቸው ጥቁር ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2024 የታተመ ጥናት፣ ከ10 አንድ ያህሉ ሽፋናቸው ከዚህ መጠን በታች እንደነበር አሳይቷል። በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የማህፀን እጢም ልኬቱን ያዛባል። በመሆኑም ደም ያየች ሴት “ሽፋንሽ ስስ ነው” ብትባልም ናሙና ይወሰድልኝ ብላ መጠየቅ ትችላለች።

ናሙናው በቀጭን ቱቦ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይወሰዳል። የማህፀን በሩ ተደፍኖ ቱቦው ካልገባ በማደንዘዣ በሩን ከፍቶ በትንሽ ካሜራ ማየት ይቻላል። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ይህንኑ ለሐኪሟ አስቀድማ ማሳወቅ አለባት፤ መድኃኒቱ ሽፋኑን ሊያወፍር፣ የካንሰር ስጋትንም ሊጨምር ይችላል።

ስለ ደም በልጅ አስተርጓሚነት መናገር የሚከብዳቸው እናቶች ጥቂት አይደሉም። በወንድ ልጅ ሲሆን ደግሞ ዝምታው ይብሳል። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ሲያዝ ሴት አስተርጓሚ እንድትመደብ መጠየቅ ይቻላል።