ወሰን ነው ወይስ አለቅነት?

እነዋሪ አካባቢ፣ በጅሩ ጥቁር አፈር ላይ፣ ወሰን ምን እንደሆነ ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ማሳው የት እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ጎረቤት ሲገፋበት ሽማግሌ ይጠራል። የሥነ ልቦና አማካሪዎች «በትዳራችሁ ወሰን አብጁ» ሲሉ ግን ብዙ ሰው ነገሩን የፈረንጅ ፋሽን ያደርገዋል።

ፋሽን አይደለም። በሸዋ ገጠር የኖረው የሰማንያ ጋብቻ ውል ነበር። ሁለቱም ያመጡት ከብትና ገንዘብ በሽማግሌ ፊት ይቆጠራል፤ አብረው ያፈሩት በፍቺ ጊዜ ለሁለት ይካፈላል። እንደ ቁርባን ጋብቻ አይፈታም የሚባል አልነበረም፤ ሴቲቱም ድርሻዋን ይዛ መውጣት ትችል ነበር። (ልጅ ሳይጠየቅ የሚዳርበት ዘመን ስለነበር ማሞገሱ ልክ አለው።)

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሌላ ነገር ጻፈ። በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው፤ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው አዘዘ። በአንቀጽ 644 ደግሞ ለቤቱ ጥቅም እስከሆነ ድረስ የሚስቱን ግንኙነት እንዲከታተልና ጠባይዋን እንዲመራ ፈቀደለት። ይህ የቆየው አርባ ዓመት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 እኩልነትን ደነገገ፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አለቅነቱን አስቀረ፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።

አንቀጹ ተሻረ እንጂ ልማዱ ከቤት አልወጣም። ዛሬ አማካሪ ፊት የተቀመጠ ባል «ወሰኔ ነው፤ ከእህቷ ጋር እንዳታወራ» ሲል የሚናገረው አንቀጽ 644ን ነው። የሌላውን ሰው ግንኙነት መቆጣጠር ወሰን አይባልም። «ስትጮህብኝ ንግግሩን አቁሜ ከክፍሉ እወጣለሁ» የምትል ሚስት ግን ያሰመረችው የራሷን ነው፤ እሱን ምንም አላዘዘችም። አማካሪው ሁለቱን ካልለየላቸው፣ ቁጥጥሩ አዲስ ስም አግኝቶ ወደ ቤት ይመለሳል።

ሌላም ነገር አለ። በሰማንያ የምትፈታው ሴት የሚጠብቃት የአባት ቤትና የተቆጠረ ከብት ነበራት። በደብረ ብርሃን በኪራይ ቤት የምትኖር፣ የራሷ ገቢ የሌላት ሚስት ይህ የላትም። ባሏ የሚማታ ከሆነ ደግሞ «እስከዚህ ድረስ ነው» ማለቷ ራሱ ዱላ ሊያመጣባት ይችላል። ስለዚህ እንዴት እንደምትናገር ከማለማመዱ በፊት አማካሪው የሚጠይቃት ሌላ ነው፦ በዚያች ሌሊት የት ታድሪያለሽ? ልጆቹስ ከማን ጋር ይሆናሉ?