«ሕጉ ተሽሯል» ሲባል ምን ማለት ነው? ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቤተሰቦች፣ «እገሌ የሚባለው አዋጅ ተሽሯል የሚባለው እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰናል። አንዳንዴ የተሻረ ነገር የለም፤ የተባለው ገና ረቂቅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሕጉ ከተሻረ ዓመታት አልፈው ሰው አሁንም በአሮጌው ሲተዳደር ይገኛል። ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ። ስለዚህ ዛሬ ቃሉን ራሱን እንየው።

■ ቃሉ ከየት መጣ?

«ሻረ» ከግዕዙ «ሠዐረ» ጋር አንድ ሥር አለው። የተሰጠን ሥልጣን ወይም ኃይል ማንሳት ማለት ነው። ከሹመት የወረደ ሰው «ተሻረ» ይባላል። «ሹም ሽር» የምንለው፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለውም ከዚሁ ነው። በበዓል ቀን የሠራ ሰው «ሰንበት ሻረ» ይባላል። ቁስልም ሲድን «ሻረ» እንላለን።

ሕግ ላይ ሲመጣ ግን ቃሉ ጠበብ ይላል። ሕግ ተሻረ ማለት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ያለው አካል ሕጉን ከሥራ አወጣው ማለት ነው። ሌባ ሕግ ይጥሳል እንጂ ሕግ አይሽርም።

■ ከምን ጋር ይምታታል?

ተሻሻለ፦ ሕጉ አለ፤ የተወሰኑ አንቀጾቹ ብቻ ተቀይረዋል።

ታገደ፦ ለጊዜው አይሠራበትም እንጂ አልሞተም።

ተነሳ፦ ብዙ ጊዜ ለአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የምንጠቀምበት ነው። ለምሳሌ በ2014 ዓ.ም. ለስድስት ወር የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜው ሳይደርስ የካቲት 8 ቀን በፓርላማ ውሳኔ ተነስቷል።

ፍርድ ቤት ላይም ቃሉን ትሰማላችሁ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ «ጸንቷል»፣ «ተሻሽሏል» ወይም «ተሽሯል» ይላል። እዚህ ጋ የተሻረው የአንድ ጉዳይ ውሳኔ ነው፤ ሕጉ አይደለም። «ሰበር ሰሚው ሻረው» የሚል ዜና ስታዩ ይህን አስታውሱ።

■ ማን ይሽራል?

በአጭሩ፣ ያወጣው አካል ወይም ከሱ በላይ ያለ። አዋጅን የሚሽረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሌላ አዋጅ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብ ነው፤ ደንብ ደግሞ አዋጅን አይሽርም። የአንድ መሥሪያ ቤት መመሪያማ ጭራሽ አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ከሱ ጋር የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው ይደነግጋል፤ ይቃረናል ወይስ አይቃረንም የሚለውን በመጨረሻ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ስለዚህ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን የሚሽር ረቂቅ አጽድቆ ወደ ፓርላማ መራ» ማለት አዋጁ ተሽሯል ማለት አይደለም። ገና ፓርላማው ይወያያል፣ ያጸድቃል፣ ከዚያ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ አሮጌው ሕግ ይሠራል።

■ የት ተጽፎ ይገኛል?

የአዲሱን አዋጅ ፒዲኤፍ ክፈቱና ወደ መጨረሻ ገጾቹ ውረዱ። «የተሻሩ ሕጎች» ወይም «የተሻሩ እና ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎች» የሚል አንቀጽ ታገኛላችሁ። ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው የተሻረውን ሕግ በስምና በቁጥር ይጠራል፤ ይሄ ክርክር የለውም። ሁለተኛው ከአዋጁ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ወይም አሠራር ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። እዚህ ላይ ነው ጣጣው፤ የማይቃረነው ክፍል ሊቀጥል ይችላል።

በዚህ መንገድ በስም ተጠርተው የተሻሩ ትልልቅ አዋጆች አሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክል ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል። በዚያው በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተሽሯል።

የሕግ አንድ ክፍል ብቻም ሊሻር ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜውን ለሁለቱም ጾታ 18 አድርጎ ያንን ክፍል ተካው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ዛሬም ድረስ ለውልና ለሌሎች ጉዳዮች ያገለግላል።

■ እኔን ምን አገባኝ?

ብዙ ያገባችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተሽሯል። በአሮጌው የመጀመሪያ ዓመት የሥራ ፈቃድ 14 የሥራ ቀን ነበር፤ አሁን 16 ነው። የወሊድ ፈቃድ በድምሩ 90 ቀን ነበር፤ አሁን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ነው። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆናችሁና የድርጅታችሁ የውስጥ ደንብ አሁንም 377ን እየጠቀሰ 14 ቀን የሚል ከሆነ፣ በሞተ ሕግ ፈቃዳችሁ እየተቀነሰ ነው ማለት ነው።

ሌላው፣ ሕግ ተሻረ ማለት ያለፈው ሁሉ ተሰረዘ ማለት አይደለም። በአሮጌው ሕግ ዘመን የተፈጸመ ውል ወይም የተጀመረ ክስ ምን እንደሚሆን ብዙ ጊዜ አዲሱ ሕግ «የመሸጋገሪያ ድንጋጌ» በሚለው አንቀጹ ይናገራል። በወንጀል ግን አንድ ዋስትና አለ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 መሠረት ከድርጊቱ በኋላ የወጣው ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ከሆነ አዲሱ ይሠራለታል።

■ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አራት ጥያቄ

1. ረቂቅ ነው ወይስ ጸድቋል?
2. በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቷል? ቁጥሩስ ስንት ነው?
3. የሻረው አካል ሥልጣን አለው?
4. ሙሉ በሙሉ ተሻረ ወይስ አንድ ክፍሉ ብቻ?

የአንዱ እንኳ መልስ ከሌላችሁ «ተሽሯል» አትበሉ። «ሊሻር ነው ተብሏል» ማለት ይቻላል። እኛም በዚህ ገጽ የምንሠራው እንደዚያ ነው፤ ስተን ካገኛችሁን ንገሩን፣ እናርማለን።

የሥራ ውል ለያዘ ጓደኛችሁ አድርሱለት።