የሳይድካር ባለቤት ማነው?

ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ጥበብ ሁሉ አንድ ቀን የባለቤትነት ጥያቄ ያስከትላል። ግጥሙን ማን ደረሰው፣ ዜማውን ማን አወጣው የሚለው ክርክር በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ከብራንዲ፣ ከሎሚና ከብርቱካን አረቄ የሚቀመመው ሳይድካር የተባለው መጠጥም ከዚህ ክርክር አላመለጠም።

የመጠጡ መሠረት የሆነው ብራንዲ ስሙን ያገኘው ከሆላንድ ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙ «የተቃጠለ ወይን» ማለት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የሆላንድ ነጋዴዎች በምዕራብ ፈረንሳይ ከሻራንት ወንዝ አካባቢ የሚገዙትን ወይን ጠጅ ያነጥሩት ነበር። በዚያው ምድር የምትገኘው የኮኛክ ከተማም ስሟን ለመጠጡ አወረሰች። እውነተኛው ኮኛክ በመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ ይነጠራል፤ ከኦክ እንጨት በተሠራ በርሜልም ከ2 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው የፈረንሳይ ድንጋጌ የኮኛክን ምድር ወሰን ለይቶ ከለለ። የምድሩ ስም እንዲህ በሕግ ሲጠበቅ፣ መጠጡን እየቀመሙ ለሌላው ያቀረቡት ሠራተኞች ስም ግን ጠባቂ አላገኘም።

የሳይድካር ዘር የሚመዘዘው ከአሜሪካ ነው። በ1850ዎቹ በኒው ኦርሊየንስ ከተማ ጆሴፍ ሳንቲኒ የተባለ ባለመጠጥ ቤት ክረስታ የተባለውን ቅምር አወጣ። ብራንዲን ከጥቂት የሎሚ ጭማቂና ከብርቱካን አረቄ ጋር አዋሕዶ፣ የብርጭቆውን ከንፈር በስኳር ያለብሰው ነበር። በ1862 ጄሪ ቶማስ የመጠጥ ቅመማ መጽሐፉን ሲያሳትም፣ የሳንቲኒን ስም በፊደል ቢያዛባም፣ የፈጠራው ባለቤት እርሱ ነው እንደሚባል ሳይጠቅስ አላለፈም።

ሳይድካር በስሙ ታትሞ የሚገኘው ግን በ1922 ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ቀማሚዎች፣ ስኮትላንዳዊው ሃሪ ማክኤልሆንና ቤልጅጋዊው ሮበርት ቬርሜር፣ በየመጽሐፋቸው መዘገቡት። ቬርሜር መጠጡ በፈረንሳይ እጅግ የተወደደ መሆኑንና ወደ ለንደን ያስገባውም በበክስ ክለብ የሚሠራው ማክጋሪ መሆኑን ገለጸ። ማክኤልሆንም የማክጋሪን ስም አልሸሸገም። ይሁን እንጂ በኋለኞቹ የማክኤልሆን እትሞች የማክጋሪ ስም ወጥቶ ባለቤትነቱ ወደ መጽሐፉ ደራሲ ዞሮ ይገኛል። በ1948 ደግሞ አሜሪካዊው ዴቪድ ኤምበሪ ሦስተኛ ታሪክ ጨመረ። በእርሱ አባባል መጠጡ የተፈጠረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሪስ ሲሆን፣ ስያሜውም አንድ ሻምበል ወደ መጠጥ ቤቱ ይመላለስባት ከነበረችው፣ በሞተር ብስክሌት ጎን ከምትገጠመው መቀመጫ የተገኘ ነው። የሻምበሉን ስም ግን አልነገረንም።

ባለቤቱ እንዳከራከረ ሁሉ ልኩም አከራክሯል። በ1922ቱ መጻሕፍት ሦስቱም ነገሮች እኩል እኩል ናቸው። በ1930 የታተመው የለንደኑ የሳቮይ ሆቴል መጽሐፍ፣ በሃሪ ክራዶክ እጅ፣ ብራንዲውን ሁለት እጅ፣ ሌሎቹን አንድ አንድ እጅ አደረገ። ኤምበሪ ስምንት እጅ ብራንዲ፣ ሁለት እጅ ሎሚና አንድ እጅ የብርቱካን አረቄ አለ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። ጣፋጩና ኮምጣጣው ሲበዙ የወይኑ ጠረን ይዋጣል፤ ሲያንሱ ደግሞ የብራንዲው ኃይል ጉሮሮ ይፈጃል።

በቤቱ ሊቀምም የሚሻ ሰው መካከለኛውን መንገድ ቢይዝ ይበጀዋል፤ ይኸውም 50 ሚሊ ሊትር ኮኛክ፣ 20 ሚሊ ሊትር ኩዋንትሮ ወይም መሰል የብርቱካን አረቄ፣ 20 ሚሊ ሊትር ወዲያው የተጨመቀ ሎሚ ነው። የመቀመሚያ ዕቃ ባይኖር ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል። በበረዶ ሞልቶ የጠርሙሱ ውጭ ላብ እስኪያወጣ ድረስ መናጥ፣ ከዚያም አጥልሎ በቀዘቀዘ ብርጭቆ መቅዳት ነው። ከበረዶው የሚቀልጠው ውኃ የአልኮሉን ኃይል ስለሚያበርድ እንደ አራተኛ ቅመም ይቆጠራል። የብርጭቆውን ከንፈር ስኳር ያለበሰ ሰው፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ የሳንቲኒን ሥራ ይደግማል።

በ1922ቱ ገጾች ላይ አንድ ቀማሚ የሌላውን ቀማሚ ስም በክብር አስፍሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ልኩ በየጊዜው ተሻሻለ፤ ያ ሐቀኝነት ግን አልተሻሻለም። ቅምሩን ለወዳጁ የሚያስተምር ሰው የማክጋሪን ስም አብሮ ቢያነሳ፣ ከሦስቱ ቅመሞች አንዱንም ሳያጎድል ዕዳውን ይከፍላል።