ምርጥ ወንድ መሪ ተዋናይ (አማተር ሙዚቃዊ ቲያትር)

ምርጥ ወንድ መሪ ተዋናይ በአማተር ሙዚቃዊ ቲያትር ዋናውን ሚና ለተጫወተ ወንድ የሚሰጥ የክብር ሽልማት ነው። አማተር ሙዚቃዊ ቲያትር የአንድ ከተማ ወይም ሰፈር ነዋሪዎች ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ ተለማምደው ያለ ደመወዝ የሚያቀርቡት፣ ንግግር፣ ዘፈንና ውዝዋዜ የተጣመሩበት ትርኢት ነው። ሽልማቱ በተለያዩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ይሰጣል፤ ሥርዓቱ በሚገባ ከተደራጀባቸው አንዷ አየርላንድ ናት።

የአየርላንድ ሥርዓት

የአየርላንድ ሙዚቃዊ ማኅበራት ኅብረት በ1965 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። አባላቱ በአየርላንድ ሪፐብሊክና በሰሜን አየርላንድ የሚገኙ አማተር ማኅበራት ናቸው። የኅብረቱ ዳኞች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ትርኢቶቹን በአካል ያያሉ፤ ግምገማቸውንም በጽሑፍ ያቀርባሉ። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ለብዙ ዓመታት በኪላርኒ ከተማ ተካሂዷል።

ውድድሩ ጊልበርትና ሰሊቫን በሚባሉ ሁለት ምድቦች ይከፈላል። ስያሜው ከ1871 እስከ 1896 እ.ኤ.አ. 14 የመድረክ ሥራዎችን በጋራ ከሠሩት ከደራሲው ዊሊያም ጊልበርትና ከሙዚቃ ደራሲው አርተር ሰሊቫን የመጣ ነው። የጊልበርት ምድብ የላቀ አቅምና ልምድ ላላቸው ማኅበራት፣ የሰሊቫን ምድብ ለሌሎቹ ነው። በዚህም ምክንያት የትንሽ ከተማ ተዋናይ ብዙ አቅም ካለው ማኅበር ተዋናይ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

ትወናና ድምፅ

ኅብረቱ ለምርጥ ተዋናይና ለምርጥ ወንድ ድምፃዊ የተለያየ ሽልማት ይሰጣል። ምክንያቱ ዋና ሚናዎች የሚጠይቁት ችሎታ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በብሮድዌይ በቀረበው «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» የወተት ሻጩ ቴቪዬ ሚና በዋነኛነት በንግግር፣ በቀልድና በስሜት የሚሸከም ነው። በ«ሌ ሚዜራብል» የዣን ቫልዣን ሚና ግን ከፍ ያለ የወንድ ድምፅና የትንፋሽ ጽናት ይፈልጋል።

ጠቀሜታና ክርክር

አማተር ተዋናይ ለወራት ልምምዱ ደመወዝ ስለማይቀበል፣ ሽልማቱ ድካሙ በሌላ ዓይን መታየቱን የሚያረጋግጥለት ምስክር ነው። በሌላ በኩል ዳኛው ትርኢቱን በአብዛኛው የሚያየው በአንድ ምሽት ብቻ ነው፤ ያን ዕለት ድምፁ የተዘጋበት ተዋናይ ሌላ ዕድል አያገኝም። ዋና ተዋናይ ያለ ኦርኬስትራው፣ ያለ አጃቢ ድምፃውያኑና ከመጋረጃ ጀርባ ካሉት ሠራተኞች ውጭ ብቻውን መቆም ስለማይችል፣ ለእነዚህ ዘርፎችም ሽልማት መሰጠቱ ሚዛኑን ለመጠበቅ ይረዳል።

በወንድና በሴት መከፋፈሉም አከራካሪ ነው። በሙያተኛው ቲያትር የኒውዮርኩ አውተር ክሪቲክስ ሰርክል በ2023 እ.ኤ.አ. ሽልማቱ የትወና ዘርፎችን ያለ ጾታ ልዩነት ሲያደርግ፣ የቶኒ ሽልማት ክፍፍሉን ይዞ ቀጥሏል። ክፍፍሉን የሚደግፉ ወገኖች የሚከበሩ ተዋንያንን ቁጥር እንደሚያበዛ ይናገራሉ፤ የሚቃወሙት ደግሞ መለኪያው ጾታ ሳይሆን ችሎታ ይሁን ይላሉ።