የፊደላችን ቁልፍ በማን እጅ ነው? የግእዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር የገባበት ታሪክና የክፍት ሶፍትዌር ትምህርት



በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳውቅና ከአንድ ዲስኬት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጡረታ የተገለሉ አንድ መምህር፣ በፖስታ የተጠቀለለ ዲስኬት ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። እኒህ ሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ በተወለዱበት ወረዳ እየዞሩ፣ የአገር ሽማግሌዎችን ስለ ርስት ክርክር፣ ስለ እርቅና ስለ ደም ካሣ ሥርዓት ጠይቀው፣ የሰሙትን ሁሉ በአማርኛ ጽፈው ያስቀመጡት በዚያ ዲስኬት ላይ ነበር። በወረቀት የታተመው ቅጂ ቤት ሲቀይሩ ጠፍቶባቸው፣ የተረፈው 11 ገጽ ብቻ ነው። ዲስኬቱን የሚያነብ መሣሪያ በብዙ ፍለጋ አገኘንና ፋይሉን ከፈትነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ አንድም ምልክት አልጎደለበትም። ይሁን እንጂ በስክሪኑ ላይ የወጣው የላቲን ፊደላት፣ የአውሮፓ ቋንቋዎች አናባቢዎችና የገንዘብ ምልክቶች ድብልቅ ነበር። መምህሩ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲመለከቱት ቆዩና «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንበብ ግን አልችልም» አሉኝ።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈን ብራና ዛሬ አንድ የአብነት ተማሪ ገልጦ ያነበዋል። ከ30 ዓመት የማይበልጥ ዕድሜ ያለውን ጽሑፍ ግን ጸሐፊው ራሱ ማንበብ ተሳነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዛሬው ንግግሬ የዚህን ጥያቄ መልስ በታሪክ ውስጥ መፈለግ ነው።

ፊደላችን ከመኪና ጋር ሲገናኝ ኮምፒውተር የመጀመሪያው አይደለም። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 በሮም ከተማ በዮሐንስ ፖትከን አማካይነት የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ለማተሚያ ቤት የፊደል ብዛት ድካምና ወጪ ነበር እንጂ እንቅፋት አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ብረት ማቅለጥ በቂ ነው። ችግሩ የጠናው በጽሕፈት መኪና ዘመን ነው። የመኪናው ቁልፎች ጥቂት፣ ፊደላችን ግን ብዙ ነው። ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና መላ በመሻት እንጂነር አያና ብሩ ስማቸው ይነሣል። በጽሕፈት መኪና የተሠራው ዘዴ ግእዙን ፊደል ከመቱ በኋላ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ምልክት ለብቻ መቀጠል ነበር። በዚያው ዘመን «ፊደሉ ይቀነስ፤ ለመኪናው እንዲመች ይሻሻል» የሚል ክርክር በምሁራን መካከል ተነሣ። ፊደል ለመኪና ይገዛ ወይስ መኪና ለፊደል? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ኮምፒውተር ደረሰ።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል ሰዎች ተስማምተው ሠንጠረዥ ማውጣት አለባቸው። በ1963 አሜሪካኖች ያወጡት አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ 128 ቦታዎች ብቻ ነበሩት፤ ለእንግሊዝኛ በቂ ነው። በኋላ ቦታው ወደ 256 ሲሰፋ፣ ጭማሪው በአብዛኛው ለአውሮፓ ቋንቋዎች ተሰጠ። የእኛ 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። በዚህ ላይ እንደ ሏ እና ቋ ያሉ ዲቃላ ፊደላት፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 የቁጥር ምልክቶች፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ሲጨመሩ 256 ቦታ አይበቃም።

በ1980ዎቹ ይህን ግድግዳ ለማፍረስ የተነሡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከቀዳሚዎቹ መካከል በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ይጠቀሳሉ። ከእነርሱም በኋላ ብዙዎች በአገር ውስጥም በውጭም የየራሳቸውን ሶፍትዌር ሠሩ። ዘዴው በጥቅሉ ሲታይ ማሽኑን ማታለል ነበር። ማሽኑ የላቲን ፊደል መስሎት ያንኑ ቁጥር ሲያስቀምጥ፣ ፎንቱ በዚያ ቁጥር ቦታ የአማርኛ ፊደል ይሥላል። ቦታው ሲያንስ ፊደሉን ለሁለት ፎንቶች ያካፍሉታል፤ ወይም የፊደሉን ክፍሎች ለየብቻ ሥለው ያጋጥሟቸዋል። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የ1990ዎቹ ጋዜጦቻችን፣ መጻሕፍቶቻችንና የቢሮ ደብዳቤዎቻችን በኮምፒውተር ባልተጻፉም ነበር። ባለውለታዎቻችን ናቸው።

ዳሩ ግን ሁሉም የየራሱን ሠንጠረዥ አወጣ። አንዱ «መ»ን ያኖረበት ቁጥር ለሌላው «ሹ» ሊሆን ይችላል። በአንዱ የተጻፈውን ሌላው አያነበውም። ሠንጠረዡ የሶፍትዌሩ ባለቤት ንብረት ስለሆነ፣ ባለቤቱ ሥራውን ሲያቆም ወይም አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ፣ ጽሑፉ ተቆልፎ ቁልፉ ይጠፋል። የመምህሩ ዲስኬት ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

በዚያው ዘመን፣ ከእኛ ጉዳይ እጅግ የራቀ በሚመስል ስፍራ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በ1980 ገደማ በአሜሪካ ኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ከዜሮክስ ኩባንያ የመጣ አዲስ ማተሚያ ወረቀት እየያዘ ያስቸግረዋል። የቀድሞውን ማተሚያ ፕሮግራም ራሱ አስተካክሎት ስለነበር፣ ወረቀት በያዘ ጊዜ ለተጠቃሚዎች መልእክት ይልክ ነበር። አዲሱ ግን ያለ ምንጭ ኮድ ስለመጣ ሊያስተካክለው አልቻለም። ስቶልማን ራሱ እንደሚተርከው፣ ኮዱ ያለውን የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሄዶ ቢጠይቀው፣ «ላለመስጠት ፈርሜአለሁ» ብሎ ከለከለው። ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ አወጀ፤ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የተሰኘውን ፈቃድ አወጣ። ፈቃዱ ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንዲጠቀም፣ እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽልና እንዲያከፋፍል ይፈቅዳል፤ ያሻሻለውን የሚያከፋፍል ሰው ግን ያንኑ መብት ለሌላው እንዲያስተላልፍ ያስገድደዋል። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በዚሁ ፈቃድ ሥር አስገባው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ልናገር። «ነጻ ሶፍትዌር» ስንል ብዙዎቻችን የምንረዳው ገንዘብ የማይከፈልበትን ነው። በሻይ ሰዓት ወሬም ሆነ በግዥ ኮሚቴ ስብሰባ፣ «ነጻ የሆነ ነገር ዋጋ የለውም፤ አቅም ለሌለው ነው» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቋንቋችን ግን ልዩነቱን አሳምሮ ያውቀዋል። «በነጻ» ያገኘነው ምሳና «ነጻ» የወጣ ሰው አንድ አይደሉም። ስቶልማን የታገለው ለሁለተኛው ነው። መምህሩም ለሶፍትዌሩ ገንዘብ ከፍለዋል፤ ያጡት ገንዘብ ሳይሆን የገዛ ጽሑፋቸውን የማንበብ ነጻነት ነው።

ወደ ፊደላችን እንመለስ። የዓለምን ፊደላት በሙሉ በአንድ ሠንጠረዥ ለማስፈር የታቀደው ዩኒኮድ የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው በ1991 ነው፤ የግእዝ ፊደል በዚያ እትም ውስጥ አልነበረም። የገባው ከብዙ ውይይትና ደብዳቤ በኋላ በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን፣ በ345 ምልክቶች ነው። በዚህ ሥራ ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ሰዎች ለዓመታት ደክመዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሀ» በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም 4608ኛው ቁጥር ናት። በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊን፣ ለመኤንና ለቤንች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። ፊደል ይቀነስ የተባለው ክርክር በዚህ ተቋጨ ማለት ይቻላል፤ በመጨረሻ መኪናው ለፊደሉ ተገዛ።

እውነቱን ለመናገር ዩኒኮድን የመሠረቱት በጎ አድራጊዎች አይደሉም፤ በአብዛኛው ታላላቅ የኮምፒውተር ኩባንያዎች ናቸው። ለየአገሩ የተለየ ሶፍትዌር መሥራት አክስሯቸው ስለነበር ተስማሙ። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ግን ሠንጠረዡ ለማንም የተገለጠ መሆኑ ነው። ኩባንያዎቹ ነገ ቢጠፉ ሠንጠረዡ አይጠፋም።

ሠንጠረዥ ብቻውን ግን ጽሑፍ አይሆንም፤ ፎንትና የቁልፍ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያቀረበው በ2007 ነው። ከዚህ ጎን ለጎን እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ያሉ ማንም ሊጠቀምባቸው፣ ሊያሻሽላቸውና ሊያከፋፍላቸው የሚችል ፎንቶች በክፍት ፈቃድ ወጡ። ለብዙ ቋንቋዎች የቁልፍ ሰሌዳ የሚያቀርበው ኪይማን የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በንግድ ተጀምሮ፣ በ2015 ወደ ኤስአይኤል ድርጅት ከተዛወረ በኋላ ምንጭ ኮዱ ለሁሉ ተከፈተ። ዛሬ ከምትጽፉበት ስልክ ጀርባ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ሰዎች ድካም አለ።

ውድ ተማሪዎች፤ ክፍት ሶፍትዌር ሁሉን ይፈውሳል ብዬ ላታልላችሁ አልመጣሁም። የጋራ ንብረት ተንከባካቢ ከሌለው ይጎዳል። በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለ፣ በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ በሚገኝ አነስተኛ ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ የሰርጎ ገብ በር ተገኘ። ፕሮግራሙን ለብዙ ዓመታት የጠበቀው አንድ የደከመው ሰው ነበር፤ ማንነቱ ያልታወቀ «ረዳት» ቀስ በቀስ እምነቱን አትርፎ በሩን አስገባ። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። የኮምፒውተር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ተጠራጥሮ መረመረ። ኮዱ ክፍት ስለነበር ሊመረምረው ቻለ፤ ጠባቂው ብቻውን ስለነበር ደግሞ አደጋው ሊደርስ ቻለ። ሁለቱም እውነት ነው። ደቦ የሚያምረው ሁሉም ማጭዱን ይዞ ሲመጣ ነው፤ ሁሉም ለድግሱ ብቻ ከመጣ አዝመራው በማሳው ይቀራል።

እኛ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ለድግሱ የመጣን ነን። የሚጠብቀን ሥራ ግን አለ። አንዱን ብቻ ልጥቀስ። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈና «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው በብዙ የቤተ መጻሕፍት ማውጫዎቻችን ላይ አይገናኙም። ለማሽኑ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ ጸ እና ፀ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ይህን የሚያስታርቅ የፍለጋ ፕሮግራም መጻፍ የእናንተ ትውልድ ሥራ ነው። ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ማንንም ሳታስፈቅዱ ዛሬ ማታ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። በተዘጋው ላይ ግን የምትችሉት አቤቱታ መጻፍ ብቻ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለየቢሯችን የሚተርፍ ምክር አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲገዛ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። መረጃችን የሚቀመጠው በምን ዓይነት መልክ ነው? በፈለግን ቀን ሙሉውን ልናወጣው እንችላለን? ሻጩ ቢጠፋ ሌላ ሰው ሊጠግነው ይችላል? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ የሌለው ሻጭ የሚሸጥልን ሣጥን እንጂ ቁልፍ አይደለም።

በመጨረሻ ዲስኬቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከተማሪዎቼ ጋር የተረፉትን 11 ገጾች ከፋይሉ ጎን አስቀምጠን፣ የትኛው ምልክት የትኛውን ፊደል እንደሚወክል አንድ በአንድ መዘገብን። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጀብን። በነጻ ሶፍትዌር የሠራነው አነስተኛ ፕሮግራም ያንን ሠንጠረዥ ይዞ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለሰው። በ11ዱ ገጾች ላይ ያልታዩ ጥቂት ፊደላትን ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ እየተነሣን ሞላናቸው። በሰውና በቦታ ስም ላይ ግን ግምት አይሠራም። ስለ ደም ካሣ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ ሰፊውን ቃል የሰጡት ሽማግሌ ስም መካከለኛው ፊደል እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል፤ መምህሩም ሊያስታውሱት አልቻሉም። እኔም በግምት ልሞላው አልደፈርኩም፤ በቦታው ክፍት ቅንፍ አኑሬበታለሁ።