«ፈራጅ» እና «አስተዋይ»፦ ስለ ሁለት የስብዕና ዓይነቶች የተለመዱ ስሕተቶችና የመርካቶ ምሳሌነት

ሰውን በጠባዩ የመመደብ ልማድ ጥንታዊ ቢሆንም፣ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው አመዳደብ መሠረቱ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ዩንግ ማሰብንና ስሜትን ነገርን የምንመዝንባቸው፣ ሕዋሳዊ ግንዛቤንና ውስጠ ዕውቀትን ደግሞ ነገርን የምንቀበልባቸው ተግባራት አድርጎ ለያቸው። አሜሪካውያኑ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መጠይቅ ሲያዘጋጁ፣ ይህንኑ ልዩነት ራሱን የቻለ አራተኛ መለኪያ አደረጉት። መጠይቁም በ1962 እ.ኤ.አ. ለምርምር አገልግሎት ታተመ። ይሁን እንጂ መለኪያው በተስፋፋ መጠን ስሕተቱም አብሮ ተስፋፍቷል።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚመነጨው ከስያሜው ነው። በአማርኛ «ፈራጅ» ሲባል ሰውን የሚኮንን፣ «አስተዋይ» ሲባል ደግሞ ብልህ የሆነ ይመስላል። የመለኪያው ሐሳብ ግን ከወቀሳም ከውዳሴም የራቀ ነው። አንደኛው ነገሩን ወስኖ መቋጨትን ያስቀድማል፤ ሌላው አዲስ ነገር እንዳያመልጠው ውሳኔውን ማቆየትን ይመርጣል።

ሁለተኛው ስሕተት አንደኛውን ዓይነት ከሥርዓት፣ ሌላውን ከዝርክርክነት ጋር አንድ ማድረግ ነው። ለዚህ የአዲስ ከተማው መርካቶ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ወራሪው ነዋሪውን በዘር ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ መሠረት፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአገሬው ሕዝብ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። ወራሪው ቢወጣም ገበያው በዚያው ጸና፤ በነጋዴውም ጥረት ሰፋ። ለእንግዳ ዓይን ትርምስ የሚመስለው ይህ ገበያ ግን በየተራው የተደራጀ ነው፤ ሸማው በሸማ ተራ፣ አሮጌው ብረትና ጣሳ በምን አለሽ ተራ። የዚህ የመጨረሻው ስም ራሱ ከጥያቄና ከሥርዓት ቃል የተጣመረ ነው፤ «ምን አለሽ» የመቀበል፣ «ተራ» የመወሰን። በአንድ ነጋዴም ዘንድ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። የዕቁብ መዋጮውን በቀኑ ሳያዛንፍ ያስገባል፤ የዕቃውን ዋጋ ግን የገዢውን ሁኔታ ሳያይ አይቆርጥም።

ሦስተኛው ስሕተት ጥንዱ የሰውን ሁለንተና ይገልጻል ማለት ነው። በማየርስ አገላለጽ ይህ መለኪያ የሚያመለክተው ሰው ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ብቻ ነው። ወደ ውስጡ የሚያተኩር ሰው፣ ዋነኛ ኃይሉ መመዘንና መወሰን ቢሆንም፣ ለተመልካች ያልቆረጠ ሊመስል ይችላል።

አራተኛው ስሕተት ውጤቱን ቋሚ አድርጎ መቁጠር ነው። የአብዛኛው ሰው ውጤት ወደ መካከለኛው ቦታ የተጠጋ ስለሆነ፣ መጠይቁን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የደገሙ ብዙዎች ቢያንስ በአንዱ መለኪያ ተቃራኒውን አግኝተዋል። ዩንግ ራሱም ሰዎችን በየስማቸው መለጠፊያ ለመመደብ መጠቀምን ነቅፏል።

የዚህ ሁሉ ጉዳት በይበልጥ የሚታየው በትምህርት ቤት ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጫማ የሚጠርግ ወይም በወላጆቹ ሱቅ የሚውል የመርካቶ ልጅ፣ የቤት ሥራውን በመጨረሻው ሰዓት ቢያደርስ፣ የሚያሳየው ተፈጥሮውን ሳይሆን የቀኑን አጠባበብ ሊሆን ይችላል። «ዝርክርክ» ተብሎ ከተመዘገበ ግን ስሙ ከክፍል ወደ ክፍል ይከተለዋል፤ መምህራኑም ከልጁ አስቀድመው ስሙን ያውቃሉ።

ስለሆነም መምህሩ ከመሰየሙ በፊት የልጁን ውሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም እንዲህ ያለውን መለኪያ ራስን ለማወቅ ለሚደረግ ውይይት መነሻ ከማድረግ አልፈው ተማሪን በየሙያው ለመመደቢያ እንዳያውሉት መጠንቀቅ አለባቸው። በሰው እጅ ተለይቶ የተሰመረውን ወሰን የመርካቶ ነጋዴ በሥራው ተሻግሮታል፤ ለልጁም ይህ ዕድል አስቀድሞ ሊዘጋበት አይገባም።